ጀርባውን ያላየነው ቁራጭ

እሺ፣ እንግዲህ ጸጥታ። ማሽኖቹን ያጠፋነው እኮ ለዚህ ነው። ከኋላ የጥቅል መደርደሪያው ጋ ያላችሁ፣ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እኔ የዚህ ቤት ሰፊ ነኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ማሽን የኔ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዛሬ በጡረታ ከምንሸኛቸው ከእኚህ ቆራጫችን፣ ከጋሼ፣ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ርቄ ተቀምጬ የስፖርት መኪና ወንበር ልብስ ሰፍቻለሁ። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ይቆጣሉ፣ እኔ የሰፋሁትን እፈታለሁ። ለዚህ ነው "ንግግሩን ማን ያድርግ?" ሲባል ሁላችሁም ወደኔ የዞራችሁት። አለቃችን "አጭር ይሁን" ብለውኛል። አይሆንም፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ቀን እኔ አልነበርኩም። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ገና የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። አለቃችን ግን ነበሩ። ታሪኩን በየዓመቱ አንዳንድ ነገር እየጨመሩበት ይነግሩናል፤ እኔ የዘንድሮውን ነው የምወስደው።

ጠዋት ነው። አንድ ቀጭን ወጣት በዚያ በር ይገባል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። የድሮው ዋና ቆራጭ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩታል።

"ስለ ቆዳ ምን ታውቃለህ?"

"ይኸው ለብሼው መጣሁ እኮ! ንጹሕ ቆዳ ነው" ይላል፣ ደረቱን መታ መታ አድርጎ። ከዚያ ዘና ያለ ለመምሰል ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ያደርጋል። ክርኑ ያረፈው ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ካውያ ላይ ነው። የጋለ ካውያ።

የሸተተው ቆዳ አይደለም። ባልዲ ሲቃጠል ሸትቷችሁ ያውቃል? እሱ ነው። ልጁ ብድግ ሲል የጃኬቱ ክርን ካውያው ላይ ቀረ። ዋና ቆራጩ ካውያውን በቢላ እየፋቁ፣ "ወንድሜ፣ የለበስከው ጀሪካን ነው። ግን እየተቃጠልክ እንኳ አልጮህክም፤ ነገ ጠዋት ና" አሉት። ይኸው መጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት አልሄዱም።

በማግስቱ ዋና ቆራጩ አንዲት ቁራጭ ሰጧቸው። መዳፍ የምታክል፣ ጥቁር ቡኒ፣ ጣውላ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈች። "ከአንዲት ምርጥ የስፖርት መኪና ወንበር ላይ የቆረጥኳት ናት። እውነተኛ ቆዳ ማለት ይቺ ናት። ጣትህ ይቺን እስኪያውቅ ድረስ መቀስ እንዳትነካ" አሏቸው። ያቺን ጣውላ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጋሼ ከጠረጴዛቸው በላይ ሰቀሏት፤ እዚህ ቤት ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በመጀመሪያው ቀን እሷን ሳይዳስስ ምሳ አይበላም ነበር።

"አውራ ጣት" የሚለው ስምም የወጣላቸው ከዚያ ነው። አዲስ ቆዳ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ጋሼ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ። መጀመሪያ ጣውላዋን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ፣ ቀጥሎ አዲሱን ቆዳ፣ ከዚያ እንደገና ጣውላዋን። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ታዲያ። ከዚያ ወይ "ትግባ" ነው ወይ "ትመለስ" ነው። ይግባኝ የለም። አለቃችን ራሳቸው አንድ ጊዜ "እስቲ ድጋሚ ይዩዋት" ቢሉ፣ "አላየኋትም፤ ዳሰስኳት" አሉ፤ በዚያው አለቀ።

ደግሞ እዚህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለቤታቸው እዚህ ስላሉ ይመስክሩ፤ ሶፋ ሊገዙ አብረው ሄደው ሻጩን ሊያስለቅሱት ነበር አይደል? ልጁ "እውነተኛ ሌዘር ነው ጌታዬ" ይላል። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጫን፣ በአፍንጫቸው ሳብ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይሄ ቆዳ ከሆነ በሬው የተወለደው ፋብሪካ ውስጥ ነው" አሉት። እትዬ፣ እስከዛሬ የእንጨት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጡት ሲባል ሰምቻለሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አያችሁ፣ ውሸት አላወራሁም።

ሐኪም ቤት ሄደው መመርመሪያ አልጋው ላይ ተኝተው፣ "ዶክተር፣ ይሄ ላስቲክ ነው" ብለዋል። ሐኪሙ "አዎ አባቴ፣ እንዲታጠብ ነው፤ አሁን አፍዎን ይክፈቱ" አላቸው። "አፌንማ ከፍቼ ነው የነገርኩህ።"

አንድ የእሽቅድምድም ነጂ ደግሞ መጣ፤ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ቆዳ አልብሱልኝ ብሎ። ጋሼ ሊሰሙት አልፈለጉም። ልጁ በትዕግሥት፣ "አባባ፣ ሰው ሠራሹ ይቀላል። ሁለቱም ወንበር፣ በሮቹ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሁሉ ሲደመር ሰባት ኪሎ እቀንሳለሁ" አላቸው። ጋሼ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሰውነቱ ደልደል ያለ ነበር። "ሰባት ኪሎ ለመቀነስ ሌላም መንገድ ነበረህ" አሉት። ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ ስቆ ሥራውን ሰጠን።

በቃ፣ ሳቃችሁን ጨርሱ። የቀረው የሚያስቅ አይደለም። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የማወራው፤ "ሳትቀንሺ ተናገሪው፤ ካልተናገርሽው ንግግርም አታድርጊ" ብለውኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዚያ ዝናብ ጣሪያው እንዳፈሰሰ ታስታውሳላችሁ። ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነበርኩ። ጣውላዋ ከምስማሯ ወርዳ ውሃ ውስጥ ተኝታለች። ሳነሳት ማስቲሹ ረጥቦ አንደኛው ጠርዟ ተላቅቋል። ጀርባዋ ታየኝ።

ለእንግዶች ላስረዳ። የእውነተኛ ቆዳ ጀርባ ቃጫማ ነው፤ ስትነኩት እንደ ለስላሳ ጸጉር ነው። የሰው ሠራሹ ጀርባ ግን ጨርቅ ነው፤ ድርና ማጉ በዓይን ይቆጠራል። እኔ ያየሁት ጨርቅ ነው። ነጭ ጨርቅ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት "እውነተኛ ቆዳ ማለት ይቺ ናት" ስንባል የኖርናት ቁራጭ ላስቲክ ነበረች።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የስፖርት መኪና ወንበር "ቆዳ ነው" ሲባል ብዙ ጊዜ ቆዳው የሚቀመጡበት ፊቱ ብቻ ነው። ጎኑና ጀርባው፣ ሰው የማይነካው ቦታ፣ በጣም ጥሩ የሆነ ሰው ሠራሽ ይለብሳል፤ ቀለሙም መስመሩም አንድ ዓይነት ነው። የድሮው ዋና ቆራጭ ከአሮጌ ወንበር ላይ ናሙና ሲፈልጉ የወንበሩ ፊት ተሰነጣጥቋል፤ ጀርባው ግን አዲስ ይመስላል። እሳቸውም አዲስ ከሚመስለው ቆረጡ። ተንኮል የለበትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ነው።

ጋሼም "አያችሁ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት መስመር አላወጣችም፤ እውነተኛ ቆዳ አያረጅም" ይሉን ነበር። እኛም ተቀበልን። እውነተኛ ቆዳማ ያረጃል። ይሸበሸባል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ የሚቀመጥበትን ሰው ቅርጽ ይይዛል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በየቀኑ አሮጌ ወንበር እየፈታን። ግን ማን ጠየቀ?

እኔ ምን አደረግሁ? ማስቲሽ አምጥቼ መልሼ ለጠፍኳት። አዎ። ጨመቅ አድርጌ ያዝኳት፣ አደረቅኳት፣ ምስማሯ ላይ ሰቀልኳት። ለእሳቸው አዝኜ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ቆዳ መጣ። ያማረ ቆዳ፤ አንገቱ ላይ የተፈጥሮ መሸብሸብ አለው፣ አንድ ቦታ እሾህ የቧጠጠው ጠባሳ አለው። ጋሼ እጃቸውን ታጠቡ። ጣውላዋን ተጫኑ፣ ቆዳውን ተጫኑ፣ ጣውላዋን ተጫኑ። "ትመለስ።"  ከሰዓት በኋላ ሄጄ፣

"ጋሼ፣ የጣውላዋን ጀርባ አይተውት ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ጀርባዋን ምን ሊያደርግልኝ?"

"እባክዎ ይዩት።"

አወረዷት። በቢላ ጫፍ ጠርዟን አነሱ። አዩ።  ቀጭን ክር ያህል ቆርጠው ክብሪት ጫሩባት። ያንን ሽታ አለቃችን በር ላይ ሆነው አወቁት። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔ ሳውቃቸው በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። "ስንት ጥሩ ቆዳ መለስኩ?" አሉ።  መናኛውን ላስቲክማ ሁልጊዜ ይለዩት ነበር፤ እሱ ላይ ተሳስተው አያውቁም። ግን ተፍቆ፣ ተቀብቶ፣ እንደ ጣውላዋ ልሙጥ የሆነውን ቆዳ "ትግባ" ሲሉ፣ የተፈጥሮ መስመሩ ያልጠፋውን፣ ምርጡን፣ "ትመለስ" ሲሉ ኖረዋል።

ቀጥሎ ያሉት ነገር፣ "እሱን ሌባ ብዬዋለሁ" የሚል ነው።

"እሱ" ማን እንደሆነ የቆየን ሰዎች እናውቃለን። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ጥሬ ቆዳ አልፍቶ ያመጣልን የነበረ አንድ ቆዳ አልፊ ነበር። ከጋሼ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት፤ በልጅነታቸው አንድ ጫማ በተራ አድርገዋል ይባላል። ከሥራ ሲወጡ አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ከዘገየ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቀን ለአንዲት አሮጌ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና የሚሆን ቆዳ አመጣ። ጋሼ ዳሰሱ። መለሱ። ሰውዬው "ምኑን ነው የጠላኸው?" ሲል፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ደንበኛው ባለበት፣ "ቆዳ ብለህ ውዳቂ ታመጣለህ፤ ሌባ ሆነሃል" አሉት። እኔ እዚህ ከገባሁ ዓመት አይሞላኝም ነበር። ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሌሎቹ ሲስቁ እኔም ስቄአለሁ።

ካፍ የወጣ አፋፍ። "አውራ ጣት መለሰው" የሚለው ወሬ ሌሎች ወርክሾፖች ጋ ደረሰ፤ እነሱም መግዛት አቆሙ። ቆዳ አልፊው ሁለት ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ አንደኛውን መጋዘን ዘጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች አልተጨባበጡም።

ጣውላዋ በተጋለጠች ማግስት ጋሼ እሷኑ በጋዜጣ ጠቅልለው አሸከሙኝና፣ "አንቺም ትመጫለሽ፤ ምስክር ያስፈልገኛል" አሉኝ። ሄድን። ሰውዬው በቦቲ ጫማ፣ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ሆኖ፣ በሩ ላይ ወጣ። ጋሼ ሰላም እንኳ ሳይሉት ጣውላዋን ሰጡት።

ገለበጣት። ጨርቁን አየ።

"ከዚህች ጋር ነው ያወዳደርከኝ?"

"ከሷ ጋር።"

"አሥራ አንድ ዓመት?"

"አሥራ አንድ ዓመት። ተሳስቻለሁ። ሌባ ያልኩህ ሰው ፊት ነው፤ ዛሬም ሰው ይዤ መጣሁ።"

እኔ በልቤ፣ አሁን ይተቃቀፋሉ ብዬ ነበር። ሰውዬው ጣውላዋን መልሶ ሰጠኝና በሩን ዘጋው።

በሳምንቱ ጋሼ እንደገና ሄዱ። በሩ አልተከፈተም። በሌላው ሳምንትም። በአራተኛው ሳምንት ሰውዬው በር ከፍቶ በርጩማ አመጣና፣ "ተቀመጥ። አታውራ" አላቸው። ከዚያ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ እያመጣ፣ መጀመሪያ ጀርባቸውን፣ ከዚያ ፊታቸውን አስዳሰሳቸው። ጋሼ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ተማሪ ሆኑ። ማታ ማታ ባለቤታቸውን በተማሩት ነገር እንቅልፍ ይነሷቸው እንደነበር እትዬ ነግረውኛል።

እዚህ ቤትስ? በራችን ላይ በራሳቸው እጅ ጽፈው ወረቀት ለጠፉ፦ "ሃያ ዘጠኝ ዓመት በተሳሳተ ናሙና ፈርጃለሁ። ቆዳውን በከንቱ የመለስኩበት ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።" አለቃችን "ጋሼ፣ ደንበኛ ያባርሩብኛል!" ብለው ጮኹ። ወረቀቱ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልተነሳም። ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ የመጣው ለመሳቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሻይ አስመጥተው እስኪበቃው አሳቁት። ደንበኛ ደግሞ አልቀነሰም። ጨመረ እንጂ።

ዛሬ ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ሰው ሠራሽ፤ ማንም አገላብጦ እንዲያያቸው በገመድ የተንጠለጠሉ። ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲኖር ጋሼ ራሳቸው፣ "ከመሪው ፊት ያለውን በሰው ሠራሽ እናድርገው፤ ፀሐይ ቆዳውን ታደርቅብሃለች። የምትቀመጥበትን ግን በቆዳ" ይላሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስሰማ መርፌዬ ተሰበረ። "ጋሼ፣ ከላስቲክ ጋር ታረቁ እንዴ?" ስላቸው፣ "ከሱ ጋርማ ምን ጠብ አለኝ፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው። ስሙን ብቻ አይቀይር" አሉኝ።

አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው፣ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። መቀስ አያያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አንድ ቆዳ ካበላሸሁ በኋላ ሁለተኛውን ያለ አንድ ቃል ያነጠፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ ልጄ ታሞ ሦስት ሳምንት ስቀር የኔን ስፌት በእነዚያ ወፍራም ጣቶችዎ የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ ፈትቼ ደግሜዋለሁ፤ እስከዛሬ አልነገርኩዎትም። ስለዚያ ሁሉ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎት ግን ስለዚያ የበር ላይ ወረቀት ነው። ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ስሙ በወጣበት ነገር ላይ፣ ማንም ሳያስገድደው "ተሳስቻለሁ" ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ባላይ ኖሮ ሰኞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመቆም አልደፍርም ነበር። አሁንም እፈራለሁ። ግን ስሳሳት ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። ቆዳ አልፊው ባለፉት ሁለት ዓመታት ቆዳ ያመጣልናል። ጥሩ ቆዳ። ያወርዳል፣ ያስፈርማል፣ ይሄዳል። ከጋሼ ጋር "ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልክ" ይባባላሉ። እጅ አይጨባበጡም። መኪናው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ግን ጋሼ መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። መስኮቱ ደግሞ የኔ ማሽን ያለበት ነው፤ ብርሃን ይጋርዱብኛል፤ ስለዚህ አውቃለሁ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ጋሼ፣ ሳልነግርዎት ሄጄ ቆዳ አልፊውን ለዛሬ ጠራኋቸው። "ይቅር ብለዋቸዋል እንዴ?" ብዬም ጠየቅኋቸው። "ቆዳ በአንድ ቀን አይለፋም፤ ገና እያለፋሁት ነው" አሉኝ። "ይመጣሉ ታዲያ?" "አላውቅም" አሉኝ።

መጥተዋል። ከመጀመሪያ ጀምሮ በሩ ጋ ቆመዋል፤ ቁጭ ይበሉ ብንላቸው እንቢ ብለዋል። ሁላችሁም አትዙሩ፣ ሰው ታሳፍራላችሁ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ገና አትጠጡ። ጋሼ፣ ጤና ይስጥዎ፤ ጠዋት ሰዓት ሳይደውልብዎ የሚነቁበት፣ ከእትዬ ጋር ቀስ ብለው የሚራመዱበት ብዙ ዘመን ይስጥዎ። ይህ በር መቼም አይዘጋብዎትም።

ቆዳ አልፊው፣ እባክዎ ወዲህ ይምጡ። እኔ ብርጭቆዬን አንስቻለሁ፤ እስኪመጡ አላወርድም፤ የሰፊ ክንድ ደግሞ ብዙ አይችልም። መንገድ ስጧቸው እባካችሁ፣ ያንን ወንበር ሳቡት። እንዲያ። ጋሼ፣ እርስዎም ይነሱ እንጂ፣ ሰውየው እጃቸውን ዘርግተዋል እኮ።

በሉ፣ ለአውራ ጣት፣ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር! ለሁለታችሁም! እንጠጣ። ግድ የለም ጋሼ፣ የእርስዎን ብርጭቆ እኔ እይዝልዎታለሁ፤ እጃቸውን አይልቀቁ።